ድንጋዩን የሚያዳምጥ ጆሮ

ልምድ ያለው የወፍጮ ሠራተኛ ሥራውን የሚቆጣጠረው በጣቶቹና በጆሮው ነው። ዱቄቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አሽቶ ልመቱን ያውቃል፤ የቀረውን የሚነግረው ድምፁ ነው። እህሉ እያለቀ ሲሄድ ሞተሩ ጭነት ይቀልለትና ድምፁ ይቀጥናል። ድንጋዮቹ ባዶአቸውን ሲፋተጉ ይንጫረራሉ። ቺንጋ ሲላላ ወይም ኩሽኔታ ሊሄድ ሲል ከዐይን ይልቅ ጆሮ ቀድሞ ያውቃል። እንግዲህ አንድ የጤና ባለሙያ አዲ አርቃይ ወርዶ፣ ወፍጮ ቤት ገብቶ «ጆሮህን ድፈን» ቢለው፣ ሠራተኛውም «ታዲያ ድንጋዩን በምን ላዳምጥ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመልስለታል? ጥያቄው የእልኸኛ ጥያቄ አይደለም። ለሠራተኞች የታደለ የጆሮ መከላከያ በየአገሩ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ከሚቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አዳዮቹ ይህን ጥያቄ ቀድመው አለማሰባቸው ነው።

አዲ አርቃይ ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርደው የሚያገኟት፣ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የስሜን ተራሮች ከበላይዋ ቆመዋል። እህል አይቀመስበትም፣ የሚበላው ቋርፍ ነው የሚባልለት ዋልድባ ገዳምም ከዚያ ሩቅ አይደለም። (እህል ከሌለ ወፍጮ የለም፤ መነኮሳቱ ለነፍሳቸው ብለው የተዉት ነገር ጆሯቸውንም ሳይጠቅም አልቀረም።) ስለ ጩኸት የሚጻፍ ምዕራፍ መርካቶንና የቃሊቲን ፋብሪካዎች ትቶ እዚህ ቆላ መጀመሩ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ጆሮ ግን ከተማና ገጠር አይለይም። የሚቆጥረው ሁለት ነገር ነው፤ ድምፁ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ቀኑን ሙሉ በመኪና ጩኸት ሲማረር የሚተርፈው በአብዛኛው ድካም፣ ንዴትና እንቅልፍ ማጣት ነው። ጆሮን ለማደንቆር የመንገዱ ጫጫታ ብዙ ጊዜ አይበቃም። አንዲት በቆርቆሮ የተሠራች ወፍጮ ቤት ግን ትበቃለች። በሠርግ ድንኳን አጠገብ የሚተኮስ ክላሽማ ከበቂ በላይ ነው።

የድምፅ ብርታት የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ቡና እየጠጡ ሲጨዋወቱ 60 አካባቢ ይሆናል። ይህ መለኪያ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ቁጥሮቹን በኪሎ ልማድ ስለምናነባቸው ነው። ዴሲቤል በ3 በጨመረ ቁጥር ወደ ጆሮ የሚገባው የድምፅ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ እኛ ግን ልዩነቱን እምብዛም አናስተውለውም። «አሁን ጩኸቱ እጥፍ ሆነ» የምንለው በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው፤ ያን ጊዜ ኃይሉ አሥር እጥፍ ሆኗል። አደጋው የሚደበቀው እዚህ ላይ ነው። ብዙ የሥራ ጤና ተቋማት የሚመሩበት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። 88 ሲሆን 4 ሰዓት፣ 91 ሲሆን 2 ሰዓት፣ 94 ሲሆን 1 ሰዓት፣ 100 ሲደርስ ሩብ ሰዓት ብቻ ይቀራል። በተለያዩ አገሮች የተለኩ የእህል ወፍጮ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ በ85 እና በ100 መካከል ይውላሉ። ገበያ የደራለት ባለወፍጮ ከመጀመሪያው ጎን ሌላ ተመሳሳይ ወፍጮ ቢተክል 3 ዴሲቤል ይጨምራል። ማንም አያማርርም፣ ሠራተኛውም ልዩ ነገር አይሰማውም፤ ያለ ጉዳት ሊቆይበት የሚችለው ሰዓት ግን በግማሽ ተቆርጧል።

መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ቀላል መፈተኛ አለ። እጅህን ዘርግተህ የምትነካውን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገህ፣ ቦታው 85ን አልፏል ብለህ ያዝ። በስልክ ላይ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያዎችም አሉ። እንደ ስልኩ ዓይነት ቢለያዩም፣ 75ን ከ95 ለመለየት ያህል ይረዳሉ።

አሁን ወደ ጆሮው እንግባ። ድምፅ ታምቡሩን መትቶ፣ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶችን አንቀሳቅሶ፣ ፈሳሽ ወደ ሞላበት የውስጥ ጆሮ ይደርሳል። እዚያ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል፣ ጫፋቸው ፀጉር መሰል የሆነ ሕዋሳት ተደርድረዋል። ፈሳሹ ሲናወጥ ፀጉሮቹ ይጎነበሳሉ፤ ጉንበሳቸው በነርቭ ወደ አንጎል የሚሄድ መልእክት ይሆናል። ከብት አንድ ቀን ያለፈበት ጤፍ አድሮ ቀና ይላል፣ በየቀኑ የተረገጠው ግን ተኝቶ ይቀራል፤ እነዚህ ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። ከወፍጮ ቤት የወጣ ሰው ጆሮው ጭው ይልበታል፣ አጠገቡ ያለ ሰው ሲያናግረው ከሩቅ የመጣ ድምፅ ይመስለዋል። ሲነጋ ይተወውና «ተሻለኝ» ይላል። መሻሉ ግን ከፊል እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሻሮን ኩጃዋና ቻርለስ ሊበርማን የተባሉ የቦስተን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ መስማቱ በምርመራ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ሳለ ሕዋሳቱን ከነርቭ የሚያገናኙት ጫፎች ብዙዎቹ ጠፍተው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለው ጆሮ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ምንም ጉድለት አይታይበትም። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ንግግርን ከጫጫታ መለየት ሲያቅተው ነው የሚታወቀው።

የሞተ ሕዋስ ደግሞ በሰው ላይ አይተካም። በዚህ ረገድ ዶሮ ትበልጠናለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደተረጋገጠው፣ ወፎች በጩኸት የጠፋባቸውን የጆሮ ሕዋስ መልሰው ያበቅላሉ፤ ሰውና ሌሎች አጥቢዎች ግን አይችሉም። በሠርጉ ተኩስ የደነቆረችው ዶሮ፣ ወጥ ካልሆነች በቀር፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ትሰማለች። ተኳሹ ይጠብቃል።

ጉዳቱ የሚጀምረው 4,000 ሄርዝ አካባቢ ካለው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሰውየው ሳያውቀው ብዙ የሚርቀውም ለዚህ ነው። በንግግር ውስጥ «አ» እና «ኦ» ወፍራም ናቸው፣ የድምፅን ጉልበት የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ጭ የመሳሰሉት ቀጫጭኖች ናቸው፤ «ሰማ»ን ከ«ሸማ»፣ «ፈራ»ን ከ«ሠራ» የሚለዩት እነሱ ናቸው። ቀጫጭኖቹ ሲጠፉ ሰውየው መናገራችንን ይሰማል፣ የተናገርነውን ግን አይለይም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ሰው የሚታማውን ራሱ አይሰማም ለማለት ነው። ስለ ጆሮው መድከምም ዜናው መጨረሻ የሚደርሰው ለባለቤቱ ነው። ቀድማ የምታውቀው ሚስቱ ናት። እሱ ልጆቹ መንሾካሾክ የለመዱ፣ ሰዉ ሁሉ አፉ ውስጥ መናገር የጀመረ ይመስለዋል። በእድር ስብሰባ ሰው ሲስቅ ይስቃል፣ ሰው ሲያዝን ራሱን ይነቀንቃል። ቀስ በቀስ ዳር መቀመጥ ይለምዳል፤ ከዚያ ወዲያ መምጣቱንም ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ስለ መስማት የተጻፈ ዘገባ፣ በዓለም ላይ 430 ሚሊዮን ሰዎች እርዳታ የሚያስፈልገው የመስማት ጉዳት እንዳለባቸው አስፍሯል። ከምክንያቶቹ አንዱ የሆነው ጩኸት በአብዛኛው በሰው እጅ የሚሠራ ነው።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው መቶ ዘመን መባቻ ስለ ሠራተኞች በሽታ ሲጽፍ፣ የቬኒስ መዳብ ቀጥቃጮች ቀኑን ሙሉ ሲደበድቡ ውለው እንደሚደነቁሩ መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1886 ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው ሐኪም 100 የእንፋሎት ጋን ሠሪዎችን መርምሮ መደበኛ መስማት ያለው አንድም አላገኘም። ብረት በብረት ሲመታ የሚወጣው ድምፅ አጭርና ስለታም ስለሆነ፣ ከሚጎተት ጩኸት ይልቅ ጆሮን ይጎዳል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ የምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ብረት ሠሪዎች መንደር ነበረች፤ የዚያን ሠፈር መዶሻ የወረሱት ዛሬ በየከተማው ላሜራ የሚቆርጡና በር የሚበይዱ ወጣቶች ናቸው። የእነሱ ግራይንደርም ጆሮን ይጎዳል፤ መዶሻ በምቱ መካከል የሚሰጠውን ትንፋሽ አይሰጥም።

ተቃራኒውን የሚያሳየው ጥናት የተሠራው በእኛው ድንበር አጠገብ ነው። ሳሙኤል ሮዘን የተባለ የኒው ዮርክ የጆሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ማባን ሕዝብ ሄደ። ማባኖች ያን ጊዜ በሱዳን፣ ዛሬ በደቡብ ሱዳን፣ ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ወዲያ ማዶ የሚኖሩ ናቸው። መንደራቸው ከበግና ከፍየል ድምፅ በቀር እጅግ ጸጥ ያለ ነበር። ሮዘን እንዳገኘው፣ የማባን ሽማግሌዎች በዕድሜ ከሚመስሏቸው አሜሪካውያን እጅግ የተሻለ ይሰማሉ። ጥናቱ ክርክር አላጣውም። የልደት ቀን ባልተጻፈበት አገር ዕድሜ በግምት ነው፤ ምግባቸውና ዘራቸውም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ያም ሆኖ «እርጅና ነው» ብለን በቀላሉ የምንተወው መደንቆር ሁሉ የእርጅና እንዳልሆነ ያመለከተ ትልቅ ጥናት ነው። እኔ በበኩሌ ከጥናቱ የምወስደው ይህን ነው፤ የደጋ ሽማግሌ ሲደነቁር ዕድሜውን ከመጠየቅ በፊት ሥራውን መጠየቅ ይገባል።

መከላከል ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ጆሮ መሰኪያ ይሮጣል። መሰኪያ ግን መጨረሻ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ጩኸቱ ከየት እንደሚወጣ ነው፤ በናፍጣ ወፍጮ ቤት ውስጥ ደግሞ ጩኸቱ የሚወጣው ከብዙ ቦታ ነው። አንዱ ማርሚታው ነው። ሲበሳ ወይም ሲዝግ በቧንቧ ብቻ ተተክቶ የሚሠራ ሞተር ያለ ጥርጥር የሠፈሩን ሁሉ ጆሮ ያውካል። ማርሚታውን መቀየርና ጭሱን ወረፋ ከሚያዝበት በተቃራኒ ወደ ውጭ ማውጣት ርካሹ ጥገና ነው። ይህ የሚጠቅመው ለሳንባ ብቻ አይደለም፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጩኸት ጋር ሲደመር የውስጥ ጆሮን ይበልጥ እንደሚጎዳ በእንስሳት ላይ ታይቷል። ቀጥሎ ሞተሩ የተቀመጠበት መሠረት አለ። ብሎኑ የላላ ሞተር ወለሉንና ቆርቆሮውን ሁሉ ያንቀጠቅጣል፤ ከእግሩ ሥር ወፍራም ጎማ ማስገባት፣ ብሎን ማጥበቅ፣ ኩሽኔታን ቅባት ማጠጣት ጩኸቱን ይቀንሳል። የመለዋወጫ ወጪውንም መቀነሱ ባለቤቱን የሚያሳምነው ነገር ነው። ስለ ሠራተኛው ጆሮ ሲነገረው የማይሰማ ባለወፍጮ ስለ ኩሽኔታ ዋጋ ሲነገረው ይሰማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግድግዳው ነው። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው። ቆርቆሮ ቀላል ስለሆነ ብዙ ድምፅ ያሳልፋል፣ የቀረውን ወደ ውስጥ መልሶ ይወረውራል፤ ውስጥ ያለው ሰው የሞተሩን ድምፅ ከአራት ጎንና ከጣራ ይሰማዋል። በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ግን ጩኸቱን ይይዘዋል፤ ጎንደሬ ደግሞ በድንጋይ መሥራት ከማንም አይማርም። ሞተሩን በራሱ ጠባብ የድንጋይ ክፍል ውስጥ አድርጎ፣ ቺንጋው ብቻ በትንሽ ቀዳዳ ወደ ድንጋዩ እንዲያልፍ ቢደረግ፣ ሠራተኛው የሚሰማው በአብዛኛው የድንጋዩን ድምፅ ይሆናል፤ እሱም የሚፈልገው ያን ነው። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነ ግን ግድግዳው ከንቱ ነው። ጆንያ በጣራ ሥር መስቀል የሚባል ዘዴም አለ። ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን ዱቄት ይሰበስባል፣ እሳትም ይወዳል፤ ስለዚህ አልመክረውም። መብራት በደረሰበት ቦታ በዲናሞ የሚሠራ ወፍጮ ከናፍጣው ይሻላል፤ ቢሆንም ድንጋዩና መክተቻው ያው ናቸው። መብራቱ ሲጠፋ ናፍጣው መነሣቱም አይቀርም።

ርቀትም ዋጋ አይከፈልበትም። በገላጣ ቦታ ከድምፁ ያለህን ርቀት እጥፍ ስታደርግ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። እህል ይዘው የሚመጡት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ ሕፃን ያዘለችም አትጠፋም። ወረፋው በር ላይ መሆኑ ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ከማዶ ካለ ዛፍ ሥር፣ ከማርሚታው በተቃራኒ በኩል አግዳሚ ወንበር ማድረግ የማንንም ሥራ አያስተጓጉልም። ሁለት ሠራተኛ ያለው ቤት ደግሞ አንዱ ሲፈጭ ሌላው ውጭ ሆኖ እህል ቢመዝንና ገንዘብ ቢቀበል፣ በእኩል ቀን ቢቀያየሩ፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ በግማሽ ይወርዳል። በብዙ ቦታ የሚታየው ግን ጉልበተኛው ወጣት ዓመቱን ሙሉ ውስጥ፣ የባለቤቱ ዘመድ ዓመቱን ሙሉ ውጭ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከ85 በላይ ከቀረ፣ ያን ጊዜ መሰኪያ ይምጣ። የፈጪው «ድንጋዩን በምን ላዳምጥ?» የሚለው ጥያቄም መልስ አለው። መሰኪያ ዝምታ አያመጣም፤ በትክክል ሲደረግ ሁሉንም ድምፅ በአንድነት 15 ወይም 20 ዴሲቤል ዝቅ ያደርገዋል። የድንጋዩና የሞተሩ ልዩነት በቦታው ይቆያል። እንዲያውም ጤነኛ ጆሮ ከመጠን ያለፈ ድምፅ ሲገባበት መለየት ያቅተዋል፤ ስለዚህ በብርቱ ጩኸት ውስጥ መሰኪያ ያደረገ ሰው ንግግርንም ሆነ የማሽን ድምፅን ካላደረገው እኩል፣ አንዳንዴም የተሻለ ይለያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድምፁ እንግዳ ይሆንበታል፤ ጆሮው አዲሱን ልክ ሲለምድ መቀያየሩን መልሶ ያነባል። አንድ ችግር አለ። ጆሮው አስቀድሞ ለተጎዳ ሰው ይህ ጥቅም አይሠራም፤ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ጠፍተውበት ሳለ መሰኪያው የቀረውን ይወስድበታል። ስለዚህ መሰኪያን መልመድ ያለበት ትናንት የተቀጠረው ልጅ ነው። አዛውንቱ ላይ ተጭኖ «አሳያቸው» ማለት ልጁንም ያስቀራል።

በጣም ጠንካራውን መምረጥም ስህተት ነው። ከመሰኪያው በታች ለጆሮው የሚደርሰው ድምፅ ከ75 እስከ 80 ዴሲቤል ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ሰውየው የሚጠራውን አይሰማም፣ ማሽኑንም አያዳምጥም፣ ተናድዶ ያወልቀዋል። ማውለቅ ደግሞ ሒሳቡን ያፈርሳል። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ መከላከያ የቀኑን ግማሽ ብቻ ቢደረግ የቀኑ ጠቅላላ ጥቅሙ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የተደረገ 15 ዴሲቤል ያለ ንጽጽር ይበልጠዋል። ተራ ጥጥ መወተፍ የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ለኅሊና ይበልጣል። በጣት ተጠቅልሎ የሚገባው የስፖንጅ መሰኪያ ጥሩ ነው፤ ሲደረግ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ፣ አስገብቶ፣ እስኪያብጥ ድረስ በጣት ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። ዱቄት የነካ እጅ ግን ለዚህ አይሆንም። ለወፍጮ ቤት የሚታጠበው የጎማ መሰኪያ፣ ወይም ጆሮን ከውጭ የሚከድነው ዓይነት ይሻላል። የሚከድነውም ቢሆን ከሻሽ ወይም ከኮፍያ በላይ ሲደረግ ዙሪያው ስለማይገጥም ብዙ ያስገባል። ሻሽ ከላይ ይታሰር።

እስካሁን ያለው ዓመታት ስለሚፈጅ ጉዳት ነው። ጠመንጃ ይህን በአንድ ቅጽበት ይሠራዋል። ለአጭር ፍንዳታ የተቀመጠው የመጨረሻ ወሰን 140 ዴሲቤል ነው። የክላሽና የሌላ የጦር ጠመንጃ ተኩስ በተኳሹ ጆሮ ላይ ብዙውን ጊዜ 150ን ያልፋል። በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ብርቱ ድምፅ ሲመጣ አጥንቶቹን የሚያጠብቅ ትንሽ ጡንቻ አለ፤ ጡንቻው ለመንቃት ጥቂት መቶኛ ሰከንዶች ይፈልጋል፣ ጥይቱ ግን ከዚያ በፊት ጨርሷል። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው የሚጎዳው ይበልጥ ግራ ጆሮው ነው። የግራው ጆሮ ወደ አፈሙዙ ሲዞር ቀኙን ጭንቅላቱ ይከልለዋል። ሐኪሞች የሁለቱን ጆሮ ልዩነት አይተው «ተኳሽ ነህ?» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

በሰሜን ጎንደር ጠመንጃ የቤት ዕቃ ያህል ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም ያለ እሱ አይደምቅም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ስለ ተባራሪ ጥይት የሚሰጠው ምክር በየጊዜው ይደጋገማል፤ የጆሮው ነገር ግን አይነሣም። ተኳሹ ክብሩን ለማሳየት ከድንኳኑ በር ላይ፣ ከግድግዳ ጥግ ወይም ከጣራ ክፈፍ ሥር ሆኖ ሲተኩስ ድምፁ ተመልሶ ይደረባል። ከዙሪያው የሚሰበሰቡት ደግሞ ቀለሃ ለመልቀም የሚሽቀዳደሙ ልጆች ናቸው። ደስታን በጥይት መግለጽ ከአባቶች የመጣ ነው የሚለውን አልቀበለውም። የአባቶች ምንሽር ጥይቱ ውድ ስለነበረ አንዴ ተተኩሶ ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ካርታ ሙሉ ይራገፋል። ልማዱ ጨርሶ ይቅር ብል የሚሰማኝ የለም። ከድንኳኑ ርቆ፣ በገላጣ ቦታ፣ ልጆች ሳይከቡት፣ ተኳሹም መሰኪያ አድርጎ የሚለውን ግን ሽማግሌ ሊያዝዘው ይችላል፤ ሽማግሌ ያዘዘው ደግሞ ከየትኛውም መመሪያ ይልቅ ይከበራል።

ከሠርግ የከፋውም መጥቷል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በአዲ አርቃይ በኩል አልፎ እስከ ደባርቅና ዳባት አካባቢ ዘልቋል፤ ከዚያም ወዲህ የተኩስ ድምፅ ከአማራ ክልል አልራቀም። ከባድ መሣሪያ አጠገቡ የፈነዳበት ሰው ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። ደምና ሕመም ስላለው የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ሆኖም የተቀደደ ታምቡር ውኃ ካልነካው በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይድናል። ዘይት፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ ጆሮ ውስጥ ማፍሰስ ግን ቁስሉን ያመረቅዘዋል። የባሰው ጉዳት ደም የሌለው ነው። ከፍንዳታ በኋላ መስማት ካልተመለሰ ወይም ጭው ማለቱ ካላቆመ በቀናት ውስጥ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ ሊረዳ የሚችለው መድኃኒት የሚሰጠው ቶሎ ሲደረስ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ እንደነበረው ስትሬፕቶማይሲንና እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎች ራሳቸው ጆሮን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ጩኸት ውስጥ የሚሠራ ሰው ለሐኪሙ ሥራውን መናገር አለበት።

የሞንታርቦው ነገር አጭር ነው። ጸሎትም ይሁን ዘፈን፣ ድምፅ ማጉያው ከሕዝቡ ራስ በላይ ከፍ ብሎ ቢሰቀል ሩቅ ያለው ይሰማል፣ ቅርብ ያለውም አይጎዳም። መሬት ላይ ተቀምጦ ሕፃናት አፉ ላይ ከተደገፉበት ግን ለሩቁ ሳይደርስ ቅርቡን ያደነቁራል። የጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ተማሪም አጠገቡ ያለ ጓደኛው ዘፈኑን መለየት ከቻለ ድምፁ በዝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ12 እስከ 35 ዓመት ካሉት መካከል ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በዚህ ዓይነት ማዳመጥ አደጋ ላይ ናቸው። ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው።

ሕግ የለም አይባልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ መከላከያ መሣሪያም እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የድምፅ ደረጃ እንዲወጣ ያዝዛል፤ በወጣው ደረጃ የመኖሪያ ሠፈር በቀን ከ55፣ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተወስኗል። ነገር ግን ሕጉ የሚፈልገው ደመወዝ ከፋይና ደመወዝተኛ ነው። በትንሽ ከተማ ወፍጮ ውስጥ ያለው ልጅ ወይም የእህት ልጅ ነው፤ ውሉ ምሳና የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ማን ማንን ይከስሳል? እዚህ ላይ ከተቆጣጣሪ ይልቅ የሚሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለባለወፍጮው ሚስት የምትነግራት ነገር ይመስለኛል፤ ቤት ውስጥ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት ብለናልና።

በመጨረሻም ምርመራ። በጩኸት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሥራ ሲጀምር አንዴ፣ ከዚያም በየዓመቱ መስማቱ ቢለካ፣ የ4,000 ሄርዙ ጉድጓድ ሰውየው ሳይሰማው ገና በወረቀት ላይ ይታያል፤ ያን ጊዜ የቀረውን ማትረፍ ይቻላል። ለምርመራ ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የአሜሪካ የሥራ ጤና ደንብ ለመጀመሪያው ምርመራ ቢያንስ 14 ሰዓት ከሥራ ጩኸት መራቅን ይጠይቃል፤ አለበለዚያ የትናንቱ ድካም እንደ ዘላቂ ጉዳት ይመዘገባል። ከወፍጮ ቤት ተነሥቶ፣ ሊማሊሞን በሞተር ጩኸትና በአውቶቡስ ዘፈን ወጥቶ፣ እንደደረሰ በቀጥታ ምርመራ ክፍል መግባት ውጤቱን ያዛባል። ጎንደር አድሮ ጠዋት መሄድ ነው። የአውቶቡሱን ዘፈን በተመለከተ ሾፌሩን መለመን ይቻላል፤ ካልሰማ ግን የሾፌሩንም ጆሮ አብሮ ማስመርመር ሳያስፈልግ አይቀርም።